የጋራ ጥቅም፣ የጥቂቶች ዕዳ፦ ከውጭ በሚገቡ ሸቀጦች ምክንያት ሥራ ለሚያጡ የፋብሪካ ሠራተኞች የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ

በቡሬ ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል





የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ያጠነጥናል። አገር ከውጭ ሸቀጥ ስታስገባ የሚጠቀመው ብዙ ሰው ነው፤ የሚጎዳው ግን ጥቂት ሰው ነው። የሚጠቀመው እያንዳንዱ በጥቂቱ ይጠቀማል፤ የሚጎዳው ግን መላ ኑሮውን ያጣል። በአንድ ሊትር ዘይት ላይ ጥቂት ብር የቀነሰላት እናት ቅናሹን ላታስተውለው ትችላለች። ከዘይት መጭመቂያው የተሰናበተው ሠራተኛ ግን የቤት ኪራይ የሚከፍልበት ቀን ሲደርስ ጉዳቱን በሚገባ ያውቀዋል። እንዲህ ከሆነ፣ ብዙኃኑ በተጠቀመበት ውሳኔ ጥቂቱ የከፈለውን ዋጋ ማን ይተካለታል? አሠሪው ነው? ቤተሰቡ ነው? ወይስ ውሳኔውን የወሰነው መንግሥት?

የእኔ መልስ አጭር ነው። ዛሬ ባለው ሕጋችን ዋጋውን እንዲከፍል የተተወው በመጀመሪያ ራሱ የተዳከመው አሠሪ ነው፤ እርሱ ሲያቅተው ደግሞ የሠራተኛው ቤተሰብ ነው። መክፈል ያለበት ግን ከንግዱ የተጠቀመው ሕዝብ በጋራ ነው፤ ይኸውም በመንግሥት በኩል፣ ከገቢ ዕቃ ከሚሰበሰበው ቀረጥ ነው። አከፋፈሉም የሥራው መጥፋት ምክንያት እስኪጣራ የሚጠብቅ ሳይሆን፣ ሥራው በመጥፋቱ ብቻ የሚጀምር መሆን አለበት። ይህን መልስ ደረጃ በደረጃ ላብራራ።

፩. ነገሩ አዲስ አይደለም

ከውጭ የመጣ ሸቀጥ የአገር ውስጥ ሥራን ሲገፋ የዘመናችን ፋብሪካ የመጀመሪያው አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአሜሪካ የመጣው አቡጀዲ በአገራችን ዋነኛ የገቢ ዕቃ ነበር። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የውጭ ጨርቅ መግቢያው ይበልጥ ሰፋ። ከጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ የጃፓን ጨርቅ በዋጋው ርካሽነት ገበያውን ተቆጣጠረው። በዚህ ሂደት ሸማኔው ፈጽሞ አልጠፋም። ድሩን በፋብሪካ ክር፣ ማጉን በእጅ ፈትል አድርጎ ነጠላና ጋቢ መሥራቱን ቀጠለ። ለድር የሚሆነውን ክር በእንዝርት ትፈትል የነበረችው ሴት ግን ገቢዋ ተቀነሰ። እርሷን «ምን ደረሰብሽ?» ብሎ የጠየቃት መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ በዘመኑም እንዲህ ያለ ጥያቄ የመንግሥት ሥራ ነው ተብሎ አይታሰብም ነበር።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ፣ በሚገባ የተጠና ምሳሌ የምናገኘው በጫማ ሥራ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቻይና ጫማ የአዲስ አበባን ገበያ ሲያጥለቀልቅ፣ በመርካቶና በአካባቢው የነበሩ አነስተኛ ጫማ ሠሪዎች ከባድ ፈተና ገጠማቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ተገኘ ገብረ እግዚአብሔር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት 96 ጥቃቅን፣ አነስተኛና መካከለኛ አምራቾችን መርምረዋል። ከእነዚህ 28 በመቶው ለኪሳራ ተዳርገዋል፤ 32 በመቶው ሥራቸውን ቀንሰዋል። ጥቃቅኖቹ ድርጅቶች በአማካይ ከነበራቸው 7 ሠራተኛ ወደ 4.8፣ አነስተኛና መካከለኛዎቹ ደግሞ ከ41 ወደ 17 ወርደዋል።

የጫማው ታሪክ በዚህ አላበቃም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአገር ውስጥ የቆዳ ጫማ አምራቾች ጥራታቸውንና ንድፋቸውን አሻሽለው፣ ያጡትን ገበያ በሰፊው መልሰው ያዙ። ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የሚነገረው ውድድር እንደሚያጠነክር ለማስረዳት ነው፤ ለኢንዱስትሪው እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ልዩነት ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ያገገመው ኢንዱስትሪው ነው። ከ41 ሠራተኞች መካከል የተቀነሱት 24ቱ ተመልሰው ስለመቀጠራቸው የሚናገር ቁጥር በዚያ ታሪክ ውስጥ የለም። ኢንዱስትሪ ዐሥር ዓመት ጠብቆ ሊያገግም ይችላል፤ ሰው ግን ዐሥር ዓመት ሳይበላ አይቆይም።

፪. ጉዳዩ በእኛ አካባቢ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ምዕራብ ጎጃም ኑግ፣ ጎመንዘር፣ አኩሪ አተርና ሱፍ የሚበቅልበት አገር ነው። በየከተማው አነስተኛ የዘይት መጭመቂያዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። በ2003 ዓ.ም. ከነበረው የዋጋ ንረትና የዋጋ ቁጥጥር ወዲህ ግን መንግሥት ፓልም ዘይት ከውጭ እያስገባ በሸማቾች ማኅበራት በኩል በቅናሽ ዋጋ ማከፋፈልን እንደ ቋሚ መላ ያዘው። ይህ ውሳኔ ያለ ምክንያት የተወሰነ አልነበረም። የከተማ ደኻ ዘይት እንዲያገኝ አድርጓል። በዚያው ልክ ግን ኑግ ገዝቶ፣ ጨምቆ፣ ፋጉሎውን ለከብት አድላቢ ሸጦ የሚተዳደረው መጭመቂያ ድጎማ ካለው ዘይት ጋር እንዲወዳደር ተገደደ።

በ2013 ዓ.ም. ሁለት ታላላቅ ነገሮች በዚህች ከተማ ሆኑ። የቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት የማምረት አቅም ያለው የፊቤላ ፋብሪካም ተመረቀ። በዚያው ዓመት በደብረ ማርቆስም ሌላ ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ተስፋው ትልቅ ነበር፤ ከገበሬ ማሳ እስከ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ እስከ ገበያ የሚዘልቅ የሥራ ሰንሰለት ይዘረጋል ተባለ። ይሁንና እነዚህ ፋብሪካዎች በጥሬ ዕቃና በውጭ ምንዛሪ እጥረት ምክንያት ከአቅማቸው እጅግ በታች ሲሠሩ ቆይተዋል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የኑሮ ውድነቱን ለማርገብ መንግሥት የምግብ ዘይት፣ ስንዴ፣ ስኳር፣ ሩዝና የሕፃናት ወተት በፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም አስመጪው ከአገር ውስጥ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሳይጠይቅ፣ እንዲገቡ ፈቀደ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ የዘይት ፋብሪካ ሥራ ቢቀንስና ሠራተኛ ቢያሰናብት ምክንያቱ ምንድን ነው? የገባው ዘይት ነው? የውጭ ምንዛሪ መጥፋቱ ነው? የመብራት መቆራረጡ ነው? ያለፉት ዓመታት የጸጥታ ችግርና የመንገድ መዘጋት ነው? ወይስ የፋብሪካው የአስተዳደር ድክመት? ሐቁ ምክንያቶቹ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ መሆናቸው ነው። የጥጥ ክርን ከኑግ ገለባ ለመለየት እንደመሞከር ያህል አድካሚ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ የማቀርበው ሐሳብ በእርሱ ላይ የቆመ ነው።

የንግድ ፖሊሲ የሚያመጣው ጉዳት በገቢ ዕቃ በኩል ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ በወጪ ንግድ በኩልም ይደርሳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ዕድል ተጠቃሚነት ስትሰርዝ፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከነበሩት ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ አስቀድሞ ወጣ። ከገጠር ቀበሌ ወጥተው በስፌት ማሽን ላይ የተቀመጡት ወጣት ሴቶች ውሳኔው ሲወሰን አልተጠየቁም፤ ያጠፉት ጥፋትም አልነበረም። ነገ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል፣ ኢትዮጵያም በ1995 ዓ.ም. ጥያቄ ያቀረበችለት የዓለም የንግድ ድርጅት አባልነት ሲፀና፣ በሩ ይበልጥ ይከፈታል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ታግደው የነበሩት 38 ዓይነት ዕቃዎች በሐምሌ 2016 ዓ.ም. እገዳው ተነሥቶላቸዋል። የብር ዋጋ መውረዱ የውጭውን ዕቃ አስወድዶ የአገር ውስጡን አምራች በከፊል ሊከላከል ይችላል፤ ነገር ግን መለዋወጫና ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚያመጣውን ፋብሪካ ያንኑ ያህል ይጎዳል። ስለዚህ ጥያቄያችን ነገ የሚመጣ ሳይሆን በደጃፋችን የቆመ ጥያቄ ነው።

፫. ሕጋችን ምን ይሰጣል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛ ቅነሳን በዝርዝር ይደነግጋል። ቅነሳ የሚባለው ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ 10 በመቶውን፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ቢያንስ 5 ሠራተኞችን የሚመለከት፣ ከ10 ቀናት ላላነሰ ተከታታይ ጊዜ የሚካሄድ ስንብት ነው። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር እንዲመካከር፣ የሥራ ችሎታና ከፍተኛ ምርታማነት ያላቸው እንዲቆዩ፣ ችሎታቸው እኩል ከሆነ ደግሞ ማን ቀድሞ እንደሚቀነስ ቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ሕጉ «ማን ቀድሞ ይውጣ?» ለሚለው ጥያቄ በጥንቃቄ የታሰበበት መልስ አለው። «የወጣው ሰው በማግሥቱ ምን ይሁን?» ለሚለው ግን መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ የሥራ ስንብት ክፍያ።

ክፍያውን በምሳሌ እናስላው። በወር 3,000 ብር የሚያገኝ፣ 4 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በቅነሳ ተሰናበተ እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 3,000 ብር ያገኛል። ለቀሩት 3 ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚያን ሲሶ፣ ማለትም 1,000 ብር፣ በድምሩ 3,000 ብር ይጨመርለታል። ስንብቱ በቅነሳ ወይም በድርጅቱ መዘጋት ምክንያት በመሆኑ የ60 ቀን ደመወዝ፣ 6,000 ብር ይታከልለታል። ጠቅላላው 12,000 ብር ነው። ይህ የአራት ወር ደመወዝ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ መጥፎ አይደለም።

ችግሩ ግን ከፋዩ ማን እንደሆነ ስንመለከት ይገለጣል። ከፋዩ ገበያ ያጣው፣ የባንክ ዕዳ ያለበት፣ ምናልባትም በሩን እየዘጋ ያለው ያው አሠሪ ነው። እርግጥ ሕጉ የሠራተኛ ገንዘብ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ እንዳለው ይደነግጋል። ነገር ግን ባዶ ካዝና ላይ ቅድሚያ ማግኘት ምን ያህል ይጠቅማል? የፋብሪካው ንብረት ተገምቶ፣ በሐራጅ ተሸጦ፣ ክርክሩ በፍርድ ቤት እስኪቋጭ የሚፈጀውን ጊዜ የፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል። የስንብት ክፍያ አሠሪው ሲበረታ የሚሠራ፣ አሠሪው ሲወድቅ አብሮ የሚወድቅ መድን ነው። ዝናብ ሲመጣ የሚዘጋ ጥላ ልንለው እንችላለን።

ሌላው የሚታሰበው ጡረታ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት በ2003 ዓ.ም. መጀመሩ፣ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 መሻሻሉ ትልቅ እርምጃ ነው። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ያዋጣሉ። ይህ ገንዘብ ግን የተሰበሰበው ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለተተኪዎች ነው። በ28 ዓመቷ ከፋብሪካ ለተቀነሰች ሴት ዛሬ የሚሰጣት አበል የለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 102 ከዘረዘራቸው ዘጠኝ የማኅበራዊ ዋስትና ዘርፎች አንዱ የሥራ አጥነት አበል ነው፤ በእኛ አገር ይህ ዘርፍ እስካሁን አልተቋቋመም።

በሴፍቲኔት መርሐ ግብር መጠቀም አይቻልም ወይ የሚል ሊኖር ይችላል። የገጠሩ የልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ እጥረት ለተደጋገመባቸው ወረዳዎች ነው። ምዕራብ ጎጃም ደግሞ ትርፍ አምራች ተብሎ የሚታወቅ በመሆኑ በዚያ መርሐ ግብር እምብዛም አልታቀፈም። የከተማው ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመር ከአማራ ክልል የገባችው ደሴ ነበረች፤ በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ቢስፋፋም፣ የሚመርጠው ለረጅም ጊዜ በድህነት የኖረውን ቤተሰብ ነው። ትናንት ደመወዝተኛ የነበረ ሰው በድህነት መዝገብ ላይ ለመግባት በመጀመሪያ ያለውን ሸጦ መጨረስ አለበት።

ስለዚህ የመጨረሻው መድን ቤተሰብ ነው። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ሥራ ያጣ ወጣት ወደ እናት አባቱ ቤት ይመለሳል። መሬቱ ለወንድሞቹና ለእኅቶቹም ያልበቃ ጠባብ ማሳ ነው። ተመላሹ በመኸር ያርማል፣ በአጨዳ ያግዛል፤ በቆጠራም «ሥራ ያለው» ተብሎ ይመዘገባል። ሥራ አጥነቱ በቁጥር አይታይም፤ በገበታው ላይ ግን ይታያል። ለሞት ዕድር አለን፤ ለትልቅ ወጪ ዕቁብ አለን፤ ለእርሻ ሥራ ወንፈልና ደቦ አለን። ሥራ ለማጣት ግን ዕድር የለንም። ይህም የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ፋብሪካ ሲዘጋ ጎረቤታሞች የሆኑ ሠራተኞች ሁሉ በአንድ ቀን ሥራ ስለሚያጡ፣ አንዱ ለሌላው ማዋጣት አይችልም። እንዲህ ያለውን ጉዳት ሊሸከም የሚችለው ከሠፈርና ከከተማ የሰፋ ማኅበር ብቻ ነው፤ የዚያም ስሙ መንግሥት ነው።

፬. የሌሎች አገሮች ልምድ

የዚህ ሐሳብ ቀዳሚ ተግባሪ አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1962 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዘመን የወጣው የንግድ ማስፋፊያ ሕግ፣ መንግሥት ቀረጥ በመቀነሱ ሥራቸውን ለሚያጡ ሠራተኞች ድጋፍ እንደሚሰጥ ደነገገ። መርሑ ትክክል ነበር። ነገር ግን ሠራተኛው ሥራውን ያጣው በዚያ የቀረጥ ቅነሳ ሳቢያ በገባ ዕቃ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረበት። የማረጋገጫው መስፈርት እጅግ ከመጥበቁ የተነሣ እስከ 1969 ድረስ ድጋፉ የተፈቀደለት አንድም ሠራተኛ አልነበረም። በ1974 ሕጉ ሲላላ ብዙዎች መጠቀም ጀመሩ፤ የገንዘብ አበል፣ ሥልጠና፣ ሥራ መፈለጊያና ወደ ሌላ ከተማ መዛወሪያ ወጪ ይሰጣቸው ነበር። በኋላም ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ለሆነና ባነሰ ደመወዝ አዲስ ሥራ ለያዙ ሠራተኞች የቀድሞና የአዲሱ ደመወዝ ልዩነት ግማሹ እስከ ተወሰነ ጣሪያ እንዲከፈላቸው ተደረገ። መርሐ ግብሩ ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቁሟል።

የቻይና ምርት ወደ አሜሪካ በብዛት መግባቱ ያስከተለውን ጉዳት ያጠኑት ኦቶር፣ ዶርንና ሀንሰን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ሁለት ነገር አሳይተዋል። አንደኛ፣ ጉዳቱ በመላ አገሪቱ አልተሰራጨም፤ በተወሰኑ አካባቢዎች ተከማችቶ ለረጅም ዓመታት ቆየ። ሁለተኛ፣ ሥራ ያጡት ሰዎች በብዛት የዞሩት ለእነርሱ ተብሎ ወደተቋቋመው መርሐ ግብር ሳይሆን ወደ አካል ጉዳት አበልና ወደ ሌሎች ድጎማዎች ነበር። በሩ ጠባብ የሆነ ድጋፍ ሰውን አያስቀረውም፤ ሌላ በር ያስፈልገዋል።

የአውሮፓ ኅብረት ለተመሳሳይ ዓላማ ፈንድ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ነው። በመነሻው ቢያንስ 1,000 ሠራተኞች የተቀነሱበትን ጉዳይ ብቻ ይመለከት ነበር፤ ኋላ ወደ 500፣ ከዚያም ወደ 200 ዝቅ አደረገው። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። በትንሽ ከተማ 60 ሰው የሚቀጥር ፋብሪካ መዘጋቱ በትልቅ ከተማ 1,000 ሰው ከሚያሰናብት ፋብሪካ ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳል።

ከሁሉም ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የሞሪሸስ ልምድ ነው። ያች ትንሽ የአፍሪካ ደሴት በስኳርና በልብስ ስፌት ትኖር ነበር። የዓለም የጨርቃ ጨርቅ ኮታ እ.ኤ.አ. በ2005 መባቻ ሲያበቃ፣ ስኳሯም በአውሮፓ የነበረውን ልዩ ዋጋ ሲያጣ፣ ፋብሪካዎቿ ተፈተኑ። በ2009 ሥራ ላይ የዋለው መርሐ ግብሯ ለተሰናበተ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የመነሻ ደመወዙን 90 በመቶ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት 60 በመቶ፣ ለመጨረሻዎቹ 6 ወራት 30 በመቶ ይከፍል ጀመር። ሠራተኛውም ከሦስት መንገዶች አንዱን ይመርጣል፤ ወደ ሌላ ሥራ መመደብ፣ መሠልጠን ወይም የራሱን አነስተኛ ሥራ መጀመር። «ሥራህን ያጣኸው በገቢ ዕቃ መሆኑን አስረዳ» አይባልም።

፭. ለእኛ የሚሆነው

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለአገራችን አራት ነጥቦችን ለውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መብቱ የሚጀምረው በምክንያት ሳይሆን በክስተት ይሁን። የቡሬው ፋብሪካ የተዳከመው በፓልም ዘይት ነው ወይስ በመብራት ብለን ስንከራከር ሠራተኛው ይራባል። የቅነሳ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 1156 ተቀምጧል። ያ መስፈርት ሲሟላ፣ ወይም ድርጅቱ ሲዘጋ፣ ድጋፉ ይጀምር። በገቢ ዕቃ ምክንያት የተጎዳውም በዚህ በር ይገባል፤ ከእርሱ ጋር ሌሎች ቢገቡ ጉዳቱ ምንድን ነው? እነርሱም ያለ ጥፋታቸው ሥራ ያጡ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ከገቢ ዕቃ ይምጣ። ይህ አዲስ ቀረጥ መፍጠር አይጠይቅም። በ2014 ዓ.ም. በወጣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ለማኅበራዊ ዓላማ የሚውል 3 በመቶ ቀረጥ ተጥሏል። ስሌቱን ለመረዳት ያህል፣ በወር 3,000 ብር ለሚያገኝ ሠራተኛ በሞሪሸስ ልክ የስድስት ወር ድጋፍ 13,500 ብር ይሆናል፤ ለ500 ሠራተኞች 6.75 ሚሊዮን ብር ነው። 3 በመቶው ቀረጥ ይህን ያህል የሚያስገኘው 225 ሚሊዮን ብር ዋጋ ካለው የገቢ ዕቃ ነው። ከአገሪቱ ገቢ ንግድ አንጻር ይህ ኢምንት ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ ክፍያው ፈጣንና በአካባቢ የሚፈጸም ይሁን። የሠራተኛው የደመወዝ ልክና የአገልግሎት ዘመን በጡረታ መዋጮ ሰነድ ላይ አለ። የከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ያንን ይዞ በሠራተኛው የባንክ ሒሳብ ወይም በቴሌ ብር በየወሩ እንዲከፈል ማድረግ ይችላል። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ዛሬ አሠሪው መዋጮውን ባያስገባ ወይም ደመወዙን አሳንሶ ቢያስመዘግብ፣ ጉዳቱ ከ30 ዓመት በኋላ ስለሆነ ሠራተኛው አይከታተልም። ነገ ሥራ ቢያጣ የሚከፈለው በዚያ ሰነድ ከሆነ ግን ስሙ መኖሩን ዛሬውኑ ሄዶ ያጣራል።

አራተኛ፣ ሥልጠናው ለሥልጠና ብሎ አይሰጥ። የልብስ ስፌት ፋብሪካ በሌለበት ከተማ ስፌት ማሠልጠን ሰውን ሁለት ጊዜ ሥራ አጥ ማድረግ ነው። በእኛ አካባቢ የሚጠየቀው ሙያ በአካባቢው ካለው ሀብት ጋር የተያያዘ ነው፤ የእርሻ መሣሪያና የውኃ ፓምፕ ጥገና፣ የእህልና የቅባት እህል ማከማቻ አያያዝ፣ የመኖ ማቀነባበር፣ በመራዊ በኩል እንደ ቆጋ ባሉ የመስኖ ልማቶች ዙሪያ ያለው የአትክልትና ፍራፍሬ ንግድ። የፋብሪካ ሠራተኛ ማሽን ማወቁ፣ ሰዓት ማክበሩ፣ በፈረቃ መሥራት መልመዱ ትልቅ ሀብት ነው። ኮሌጆቻችንም ሠልጣኝ ከመቀበላቸው በፊት ቀጣሪውን መጠየቅ አለባቸው።

፮. የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «የገቢ ዕቃውን ለምን አንከለክልም?» የሚል ነው። መከላከል ለጀማሪ ኢንዱስትሪ ለተወሰነ ጊዜ ተገቢ ሊሆን ይችላል። እንደ ቋሚ መፍትሔ ግን ሁለት ጉድለት አለበት። ወጪውን የሚሸከመው ዘይትና ልብስ በውድ የሚገዛው ደኻ ነው። ደግሞም ክልከላ ብቻውን አይሠራም። ሰልባጅ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን በቦንዳ እየተጫነ የማይደርስበት ገበያ የለም። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛው በክልከላው አልዳነም፤ መንግሥትም ከኮንትሮባንዱ ቀረጥ አላገኘም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ድጋፍ ስንፍናን ያስተምራል» የሚል ነው። ድጋፉ በጊዜ የተገደበ፣ ከወር ወር የሚቀንስ፣ አዲስ ሥራ ፈጥኖ የያዘውን የሚሸልም ከሆነ ይህ ሥጋት ይቀንሳል። ከዚያም በላይ፣ ለአራትና ለአምስት ዓመት በሌሊት ፈረቃ የሠራን ሰው ሰነፍ ይሆናል ብሎ መፍራት ለማን ይመጥናል?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው፤ ውሉ በቃል የሆነው፣ ጡረታ የማይቆረጥለት፣ በቀን ሒሳብ የሚሠራው ጫኝና አውራጅስ? እኔ ያቀረብሁት ሥርዓት እርሱን በቀጥታ አይደርስለትም። ለእርሱ የሚሆነው ፋብሪካ በተዘጋበት ከተማ ወዲያው የሚጀመር የሕዝብ ሥራ ነው፤ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ የችግኝ ጣቢያ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለሥራ አጦችና ለችግረኞች ሥራ የሚፈጥር ፖሊሲ እንዲከተል፣ የሕዝብ ሥራ መርሐ ግብሮችንም እንዲያካሂድ ይጠይቃል። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ምጽዋት መጠየቅ አይደለም፤ የተጻፈውን ማስፈጸም ነው።

ማጠቃለያ

ክቡራንና ክቡራት፦

ንግድን መክፈት ትክክል ሊሆን ይችላል። ለሸማቹ ዋጋ ያረክሳል፣ ለአምራቹ ፉክክር ይፈጥራል፣ ለአገር አዲስ ገበያ ይከፍታል። ነገር ግን ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል የሚል ሰው፣ ከዚያ ብልጫ ላይ ጥቂቱን ለተጎዳው ለመስጠት ካልፈቀደ፣ ስሌቱን ራሱ አላመነበትም ማለት ነው። ትርፉ እውነት ካለ፣ ካሣው ከትርፉ ሊከፈል ይችላል።

በዚህ አዳራሽ የሠራተኛ ማኅበር አባላት አላችሁ፤ የጡረታ መዋጮአችሁ በትክክል መግባቱን አጣሩ፤ በድርድር ጠረጴዛም የቅነሳ ጉዳይ ቀውስ ሳይመጣ አስቀድሞ ይነሣ። ባለሀብቶች አላችሁ፤ ቅነሳ ካሰባችሁ ከሳምንት በፊት ሳይሆን ከወራት በፊት ንገሩ፤ ጊዜ ራሱ ድጋፍ ነው። የመንግሥት ኃላፊዎች አላችሁ፤ ለዓለም የንግድ ድርጅት በሚዘጋጀው ሰነድ ላይ ስለ ቀረጥ መጠን የሚጻፈውን ያህል ስለ ሠራተኛው ዕጣ የሚጻፍበት አንድ ገጽ ይኑር። ተማሪዎቼም፣ በየከተማችሁ የተዘጉ መጭመቂያዎችንና ወፍጮዎችን፣ የሠራተኞቻቸውንም መድረሻ እየጠየቃችሁ መዝግቡ። ከ41 ወደ 17 የወረደውን ቁጥር የምናውቀው አንድ ሰው ሄዶ ስለጠየቀ ነው። የቡሬን፣ የፍኖተ ሰላምንና የደምበጫን ቁጥር የሚጠይቅ ደግሞ ከእናንተ መካከል መውጣት አለበት።

 አሁን ለጥያቄና ለአስተያየት መድረኩ የእናንተ ነው።